ታይለኖል፣ ወይን እና አንድ ጉበት

ነገሩ ባጭሩ

ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1993 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው) አንድ አሜሪካዊ ጉንፋን ይዞት ኤክስትራ ስትሬንግዝ ታይለኖል መውሰድ ጀመረ። ከመጠን በላይ አልወሰደም። አምስት ቀን ያህል በተለመደው መጠን ዋጠ። ፌብሩዋሪ 10 ራሱን ስቶ፣ ሊሞት ተቃርቦ ሆስፒታል ገባ። ጉበቱም ኩላሊቱም ሥራ አቁመው ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ የሌላ ሰው ጉበት ተተከለለት፤ ተረፈ።

ሰውየው መንገድ ላይ የሚወድቅ ጠጪ አልነበረም። ማታ ከእራት ጋር ወይን ይጠጣ ነበር። በሥራ ቀናት ሦስት አራት ብርጭቆ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ አንዳንዴ ከዚያ በለጥ ይል ነበር። በቃ ይኸው ነው።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት አልኮል የጉበት ሴል ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ ስለማላውቅ ነው። ስለ መጠጥና ጉበት ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው ሃያ ዓመት የጠጣ ሰው ነው፤ ሆዱ ያበጠ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ። እሱም እውነት ነው፣ ግን በጣም ቀስ ብሎ ስለሚመጣ መነሻውን ከውጤቱ ጋር አያይዞ ማየት ያስቸግራል። እዚህ ግን በአምስት ቀን ውስጥ ሁሉም ነገር ግልጽ ወጣ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ስለደረሰም ዝርዝሩ በመዝገብ ላይ አለ። የሰውየውን ስም አልጠራም፣ ለምንናገረው ነገር አያስፈልግም።

መነሻው

ታይለኖል ማለት አሲታሚኖፌን ነው። አሲታሚኖፌን ደግሞ እኛ ፓራሲታሞል፣ ሲያጥር «ፓራ» የምንለው ራሱ ነው። ኤክስትራ ስትሬንግዝ የሚባለው አንዱ ፍሬ 500 ሚሊ ግራም ነው። አዲስ አበባ ፋርማሲ ገብታችሁ ፓራ ስትሉ የሚሰጧችሁም 500 ሚሊ ግራም ነው። ስለዚህ ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ የማይጠፋው ያ ትልቅ ጠርሙስ፣ «ይሄኛው ጠንከር ያለ ነው እማዬ» ተብሎ ሲሰጥ፣ እማማ ከሰፈር ፋርማሲ ከሚገዙት የተለየ ነገር የለውም።

በወቅቱ ለአዋቂ የተፈቀደው በ24 ሰዓት 4 ግራም፣ ማለትም ስምንት ፍሬ ነበር። ጠርሙሱ ላይ ስለ አልኮል የሚያስጠነቅቅ አንድም ቃል አልነበረም። ሐኪሞች ግን ከዚያ በፊት ለዓመታት በየሕክምና መጽሔቱ ተመሳሳይ ታሪክ ሲጽፉ ነበር። አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው፣ ተራ መጠን ፓራ፣ ከዚያ የጉበት መሞት።

ጥያቄው፦ ጉበቱን ማን ገደለው?

ሐኪሞቹ ፊት ሦስት ተጠርጣሪዎች ነበሩ። ወይኑ ብቻውን፣ ክኒኑ ብቻውን፣ ወይም ቫይረስ። አምራቹ ኩባንያ በኋላ ፍርድ ቤት ላይ «ቫይረስ ነው» ብሎ ተከራክሯል።

ወይኑ ብቻውን ነው ማለት ያስቸግራል። ምክንያቱን ላብራቶሪ የሚያነብ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የጉበት ሴል ሲጎዳ ውስጡ የነበሩ ሁለት ኢንዛይሞች፣ ኤኤስቲ እና ኤኤልቲ፣ ወደ ደም ይፈስሳሉ። መጠጥ ያቃጠለው ጉበት ላይ ኤኤስቲ ብዙ ጊዜ ከኤኤልቲ በእጥፍ ይበልጣል፤ ቁጥሩ ግን በመቶዎች ነው የሚቆመው፣ ከ500 ማለፉ ብርቅ ነው። ፓራ የገደለው ጉበት ላይ ደግሞ ቁጥሩ በሺዎች ይሄዳል። በተራ ጠጪ ወረቀት ላይ 6,000 የሚል ኤኤስቲ ያየ ሐኪም «መጠጡ ነው» ብሎ ካለፈ የሆነ ነገር አምልጦታል።

ክኒኑ ብቻውንም አይመስልም። ያን መጠን በዓለም ላይ ስንትና ስንት ሰው በየቀኑ ይወስዳል፣ ምንም አይሆንም።

ሐኪሞቹ የሁለቱ ጥምር ነው አሉ። የተመረኮዙባቸው ነገሮች በፍርድ ቤቱ መዝገብ ተዘርዝረዋል፦ ጉበቱ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የነበረው ገጽታ፣ ሆስፒታል ሲገባ ደሙ ውስጥ የተገኘው ታይለኖል፣ የጉበት ኢንዛይሞቹ መጠን፣ አዘውትሮ ከጠጣ በኋላ ለቀናት ክኒኑን መውሰዱ፣ እንዲሁም ቫይረስም ሆነ ሌላ ምክንያት አለመገኘቱ። ዝርዝሩን ደግማችሁ ብታነቡት የሚገርመው፣ አንዱም ብቻውን አይበቃም። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን መሄጃ የላቸውም።

አሁን ወደ ሴሉ እንግባ።

አልኮል ሴሉ ውስጥ

የመጀመሪያው መንገድ ሁላችንም ትምህርት ቤት ያየነው ነው። አልኮል ወደ ሴሉ ለመግባት ፈቃድ አይጠይቅም፣ ሽፋኑን ሰንጥቆ ነው የሚገባው። ውስጥ አልኮል ዲሃይድሮጅኔዝ የሚባል ኢንዛይም ይቀበለውና አሴታልዲሃይድ ያደርገዋል። አሴታልዲሃይድ ከአልኮል የባሰ መርዝ ነው። ስለዚህ ሌላ ኢንዛይም ማይቶኮንድሪያ (የሴሉ ኃይል ማመንጫ) ውስጥ ቶሎ ይዞ ወደ አሴቴት ይለውጠዋል፣ አሴቴት ጉዳት የለውም። አንድ አዋቂ ሰው በሰዓት በአማካይ ከ7 እስከ 10 ግራም አልኮል በዚህ መልክ ያቃጥላል። 150 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የወይን ብርጭቆ 14 ግራም ያህል ንጹህ አልኮል አለው። ሦስት አራት ብርጭቆ ከ42 እስከ 56 ግራም ሆነ። ይህን ሰው ስታስቡት ጉበቱ ሌሊቱን ሙሉ ሥራ ላይ ነው፤ እሱ ተኝቷል፣ ጉበቱ አልተኛም።

ሁለቱም ደረጃዎች ኤንኤዲ የሚባል ሞለኪውል ይበላሉ። ኤንኤዲ ሃይድሮጅን ተቀብሎ ኤንኤዲኤች ይሆናል። አልኮል በብዛት ሲገባ ሴሉ በኤንኤዲኤች ይሞላል፣ ኤንኤዲ ያጥረዋል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ሴሉ ስብ ለማቃጠል የሚያስፈልገው ያው ኤንኤዲ ነው። ስለዚህ ስቡ ሳይቃጠል ይቀመጣል። በዚያ ላይ አልኮል ስብ የሚሠሩትን ጂኖች የሚቀሰቅሰውን ፕሮቲን ከፍ፣ ስብ የሚያቃጥሉትን የሚቀሰቅሰውን ዝቅ ያደርጋል። ውጤቱ የሰባ ጉበት ነው። ለዓመታት በብዛት ከሚጠጡ ሰዎች 90 በመቶ ያህሉ ጋር ይገኛል፣ አብዛኛዎቹም አያውቁትም ምክንያቱም አያምም። ደግሞ በባዶ ሆድ ብዙ የጠጣ ሰው ስኳሩ ወርዶ ራሱን የሚስተው በዚሁ በኤንኤዲ እጥረት ነው፤ ጉበቱ አዲስ ስኳር መሥራት ያቅተዋል። ስንቱ «ሰክሮ ነው ተዉት ይተኛ» ተብሎ የተተወ ሰው ስኳሩ ወርዶ እንደሆነ አስቡት።

ያመለጠው አሴታልዲሃይድ ደግሞ ከፕሮቲኖች ጋር ይጣበቃል። ከዲኤንኤም ጋር ጭምር። ጉበት የሚሠራቸውን ፕሮቲኖች ወደ ደም የሚያወጣበት የውስጥ ማጓጓዣ ሲጎዳ ፕሮቲኑ እዚያው ይከማችና ሴሉ ያብጣል። ሰውነትም የተለወጡትን ፕሮቲኖች እንደ ባዕድ አይቶ ይዋጋቸዋል።

እስካሁን ያወራነው ቀስ ብሎ የሚመጣውን ጉዳት ነው። የዚህን ሰው ጉዳይ የሚያስረዳው ግን ሁለተኛው መንገድ ነው፣ ብዙ ሰው የማያውቀው።

በ1968 ኒውዮርክ ውስጥ ቻርልስ ሊበር እና ሊዮኖር ዲካርሊ የሚባሉ ተመራማሪዎች የጉበት ሴል አልኮልን የሚያቃጥልበት ሌላ ሥርዓት እንዳለ አሳዩ። ዋናው ኢንዛይም በኋላ ሲዋይፒ2ኢ1 ተባለ። ስሙ አፍ አይሞላም፣ ግን ከዚህ ጽሑፍ አንድ ስም ይዛችሁ ብትሄዱ ይህንን ያዙ። ትንሽ ሲጠጣ ብዙም አይሳተፍም፣ የመጀመሪያው መንገድ ይበቃል። ብዙና አዘውትሮ ሲጠጣ ግን አልኮል ራሱ ከኢንዛይሙ ጋር ተጣብቆ እንዳይፈርስ ይጠብቀዋል። ሴሉ በተለምዶ ያረጀውን ሲዋይፒ2ኢ1 እየፈታ ነው የሚያስወግደው፤ አልኮል ሲኖር መፍታቱ ይዘገያል፣ ኢንዛይሙ ይጠራቀማል። በጠጪዎች ጉበት ናሙና ላይ አራት እጥፍና ከዚያ በላይ ሆኖ ታይቷል። «ሰውነቴ ለመደው፣ አሁን ቶሎ አይመታኝም» የሚል ጠጪ በከፊል እውነቱን ነው።

ይህ እንዲሆን ደግሞ በጣም ብዙ መጠጣት አያስፈልግም። በ2002 የወጣ ጥናት ላይ ጤነኛ ፈቃደኞች በቀን 40 ግራም አልኮል ሲወስዱ የዚህ ኢንዛይም ሥራ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጨምሯል። 40 ግራም ማለት ሦስት ብርጭቆ ወይን ገደማ ነው፤ የዚህ ሰውዬ የሥራ ቀን መጠን። ሲያቆሙ ደግሞ ወዲያው አልወረደም፤ መውረዱ ቀናት ፈጀ።

ሲዋይፒ2ኢ1 ሥራው ጥራት የለውም። ሲሠራ ኦክስጅንን በደንብ ሳይይዝ ስለሚለቅ ሱፐርኦክሳይድና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመነጫል። ሴሉ ውስጥ ያለ ብረት ሲያገኛቸው ከዚያ የባሱ ይሆናሉ፣ የሽፋኑን ስብ ያበላሻሉ። እነዚህን የሚያከስመው ግሉታታዮን የሚባል ትንሽ ሞለኪውል ነው፣ ከሦስት አሚኖ አሲዶች የተሠራ። አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው ግሉታታዮኑ ያንሳል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ወደ ማይቶኮንድሪያ የሚገባው መቀነሱ ነው። ማይቶኮንድሪያ ራሷ ግሉታታዮን አትሠራም፣ ከውጭ ነው የምታገኘው፤ አልኮል ሽፋኗን ሲያደነድነው መግባቱ ይስተጓጎላል።

ፓራው ሲደርስ

ጤነኛ ሰው ፓራ ሲወስድ ጉበቱ 90 በመቶ ያህሉን ከስኳር ዓይነት ወይም ከሰልፌት ጋር አጣብቆ በሽንት ያስወጣዋል፣ ንጹህ ሥራ ነው። ጥቂቱ፣ ከ5 እስከ 10 በመቶ ገደማ፣ ሲዋይፒ2ኢ1 እጅ ይገባል። እሱም ናፕኪ ወደሚባል መርዝ ይለውጠዋል። ናፕኪ ብዙ አይቆይም። ግሉታታዮን ወዲያው ይይዘውና ያመክነዋል። ለዚህ ነው ሚሊዮኖች ፓራ ወስደው ምንም የማይሆኑት።

በ1973 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች ይህን በአይጦች ላይ አሳይተዋል። ትልቁ ግኝታቸው ጉዳቱ ደረጃ በደረጃ አለመምጣቱ ነው። ግሉታታዮን 70 በመቶ ያህል እስኪያልቅ ድረስ ሴሉ ምንም አይሆንም፤ ከዚያ በኋላ ናፕኪ ፕሮቲኖች ላይ መጣበቅ ይጀምራል። ግቢያችሁ ያለውን ሮቶ አስቡት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶው ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ መስመሩ መቋረጡን ቤት ያለ ሰው አያውቅም፣ ቧንቧው እንደ ወትሮው ይፈስሳል። ሲያልቅ ነው በአንዴ ጉዱ የሚታየው። ጠጪ ሰው ሮቶውን ግማሽ አድርጎ ነው የሚጀምረው፣ በዚያ ላይ ፍጆታው ጨምሯል።

ግሉታታዮን ካለቀ በኋላ ናፕኪ ዒላማ የሚያደርገው የማይቶኮንድሪያን ፕሮቲኖች ነው። ማይቶኮንድሪያ ይታወካል፣ ጎጂ ኦክስጅን ያመነጫል፣ ጄኤንኬ የተባለ የጭንቀት ምልክት ይነሳል፣ እሱም ተመልሶ ማይቶኮንድሪያን ይመታል። ሽፋኗ ይበሳል። ሴሉ የሚንቀሳቀስበት ኃይል፣ ኤቲፒ፣ መመረቱ ይቆማል። ሴሉ ያብጥና ይፈነዳል፣ ያ በሺዎች የሚቆጠር ኤኤስቲ የሚመጣው ከዚህ ፍንዳታ ነው።

ጉበት በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጉዳቱ የትም የተበተነ አይደለም። ከእያንዳንዱ የጉበት ክፍል መሃል፣ ደም የሚወጣበት ሥር ዙሪያ ነው። እዚያ ሁለት ነገር ይገጣጠማል፦ ሲዋይፒ2ኢ1 በብዛት ያለው እዚያ ነው፣ ኦክስጅን ደግሞ እዚያ ሲደርስ ተመጥጦ አልቋል። ሐኪሞቹ «የማይክሮስኮፕ ገጽታው» ሲሉ ዋጋ የሰጡት እንዲህ ላለ ነገር ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ። አልኮሉ ደም ውስጥ እያለ ከፓራው ጋር ለዚያው ኢንዛይም ይሻማል። ስለዚህ ብርጭቆው እጃችሁ ላይ እያለ የተዋጠ ፓራ ናፕኪ የሚሆነው እንዲያውም ያንሳል። አደጋው አልኮሉ ሲያልፍ ነው። ሻሚው ሄዷል፣ የተጠራቀመው ኢንዛይም ግን እዚያው ነው፣ ነጻ ሆኖ። በ2000 የወጣ አንድ ጥናት ፈቃደኞችን ስድስት ሰዓት አልኮል በደም ሥር ሰጥቶ፣ አልኮሉ ካለቀ ከስምንት ሰዓት በኋላ ፓራ ሰጣቸው፤ የሚፈጠረው ናፕኪ በአማካይ 22 በመቶ ጨመረ። ያ አንድ ቀን ብቻ የጠጣ ሰው ላይ ነው።

በዚህ ላይ ጉንፋን የያዘው ሰው ምግብ አይበላም። ግሉታታዮን ከምግብ በሚገኝ አሚኖ አሲድ ነው የሚሠራው። ፓራን በንጹህ መንገድ የሚያስወጣው ስኳርም ሳይበሉ ሲቀሩ ይቀንሳል። በ1994 ጃማ በተባለው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ በትንሽ መጠን ፓራ ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎችን ሲያይ መጠጥን ብቻ ሳይሆን አለመብላትንም ነው ያገኘው። እኔ በበኩሌ ይህን ዓይነት ጉዳይ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ታማሚው ምን በልቶ እንደነበር ነው፣ አብዛኛው ሪፖርት ግን አይጽፈውም።

የተወሰዱት እርምጃዎች

ሆስፒታል ሲደርስ ነገሩ ዘግይቷል። የቀረው ንቅለ ተከላ ነበር፣ ተደረገ፣ ሠራ። ከዚያ በኋላ ግን ሕይወት እንደ ቀድሞው አይደለም። የተተከለ ጉበት ይዞ የሚኖር ሰው በሽታ መከላከያውን የሚያዳክም መድኃኒት ዕድሜ ልኩን ይወስዳል፣ ኩላሊቱም ተጎድቶ ነበር።

ሁለተኛው እርምጃ ክስ ነው። ችሎቱ የተካሄደው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ባለው ፌዴራል ፍርድ ቤት ነው፤ ዛሬ ሐበሻ በብዛት የሚኖርባት ያችው አሌክሳንድሪያ። በ1994 ዳኞቹ፣ ማለትም ከሕዝብ የተመረጡት፣ 7,855,000 ዶላር ካሳ፣ በዚያም ላይ 1 ሚሊዮን ዶላር መቀጫ ፈረዱለት። ኩባንያው ይግባኝ አለ። ዋናው መከራከሪያው «ብዙ ሰው የተሳተፈበት የቁጥር ጥናት ሳይኖር መንስኤውን ማረጋገጥ አይቻልም» የሚል ነበር። በ1995 ይግባኝ ሰሚው አልተቀበለውም፤ የሐኪሞች ምርመራ፣ የማይክሮስኮፕ ማስረጃና የታወቀ አሠራር በቂ ሊሆኑ ይችላሉ አለ። ሳይንሱን ለሚወድ ሰው ይህ ከገንዘቡ ይበልጣል።

ሦስተኛው እርምጃ ማሸጊያው ላይ ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ1998 ባወጣው ደንብ፣ በቀን ሦስትና ከዚያ በላይ መጠጥ የሚጠጣ ሰው ፓራ ከመውሰዱ በፊት ሐኪም እንዲጠይቅ የሚል ማስጠንቀቂያ ግዴታ ሆነ። በ2011 ደግሞ በሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ ጥምር መድኃኒቶች ውስጥ ያለው ፓራ በአንድ ፍሬ ከ325 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ጠየቀ።

የሠራውና ያልሠራው

የሠራው ግልጽ ነው፣ ሰውየው ተርፏል፣ የማሸጊያው ጽሑፍም ተለውጧል።

ያልሠራው? «ሐኪም ጠይቅ» የሚለው ነገር። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አናቱን የሚፈልጠው ሰው ማንን ነው የሚጠይቀው? ደግሞ ማስጠንቀቂያው ስንት ፍሬ እንደሚበቃ አልተናገረም።

ሳይንሱም ቢሆን አልተዘጋም። በ2001 ዴንቨር ውስጥ በተደረገ ሙከራ 201 የአልኮል ሱሰኞች መጠጥ ካቆሙ በኋላ ግማሾቹ በቀን 4 ግራም ፓራ ለሁለት ቀን ወስደው ጉበታቸው ላይ ልዩነት አልታየም። ይህን ይዞ «ሁሉም ወሬ ነው» የሚል አለ። እኔ አልስማማም። ሁለት ቀን አጭር ነው፣ ደግሞ ማዕከል ገብቶ ምግብ እያገኘ የሚታከም ሰው ቤቱ ሳይበላ ጉንፋን ይዞት ከተኛው ጋር አንድ አይደለም። በሌላ በኩል በ2006 የወጣ ጥናት ጤነኞች 4 ግራም በየቀኑ ለሁለት ሳምንት ሲወስዱ ከሦስቱ አንዱ ገደማ ኤኤልቲው ከመደበኛው ጣሪያ ከሦስት እጥፍ በላይ ወጥቷል፤ ማንም ግን አልታመመም። ሁለቱን አንድ ላይ ሳያቸው የሚታየኝ ይህ ነው፦ አብዛኛው ጠጪ ምንም አይሆንም፣ ጥቂቱ ላይ ግን መጠጡ፣ አለመብላቱና የቀናቱ ብዛት ሲገጣጠሙ ሁሉም ነገር በአንዴ ይፈርሳል። በ1995 ሁለት የጉበት ሐኪሞች አዘውትረው የሚጠጡ 67 እንዲህ ያሉ ታማሚዎችን ሰብስበው ጽፈዋል፤ አብዛኞቹ ክኒኑን የወሰዱት ለሕመማቸው እንጂ ራሳቸውን ለመጉዳት አልነበረም።

ስለ ማርከሻው አንድ ነገር ልበል። ኤን አሲቲልሲስቲን ይባላል፣ ሲያጥር ናክ። ሥራው ሴሉ ግሉታታዮን የሚሠራበትን ጥሬ ዕቃ ማቅረብ ነው። ፓራ በአንዴ ከተወሰደ በስምንት ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ በጣም ጥሩ ይሠራል። ግን ለዚህ የሚጠቀሙበት፣ ደም ውስጥ ያለውን የፓራ መጠን የሚያነጻጽረው ሰንጠረዥ የተሠራው በአንዴ ለዋጠ ሰው ነው፤ ለቀናት ለወሰደ ሰው አይሠራም። ደም ውስጥ ያለው ፓራ ትንሽ ሆኖ ጉበቱ አልቆ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ታማሚ ላይ ሐኪሞች ሰንጠረዡን ትተው ኤኤልቲውን አይተው ነው የሚጀምሩት።

ወደኛ ሲመጣ

እኛ ጋ ወይኑ ጠጅ ወይም አረቄ ይሆናል፣ ታይለኖሉም ፓራ። ዳግም አረቄ 45 በመቶ አካባቢ አልኮል ይይዛል፣ ስለዚህ ሦስት አራት መለኪያ ሲባል «ትንሽ ናት» ማለት አይደለም። የበዓል ማግስት ታሪክ ደግሞ የታወቀ ነው፦ ለሦስት ቀን ተጠጥቷል፣ ሆድ ባዶ ነው፣ ራስ ይፈልጣል፣ ሁለት ፓራ በጥቁር ቡና። አንድ ጊዜ ከሆነ ምንም አይደለም። ማታ ሁለት፣ ጠዋት ሁለት፣ ቀን ሁለት ሆኖ ሳምንቱ ሲሞላ ነው የሚያሳስበኝ።

ለሚያክሙ ሰዎች፣ አጠያየቁ ራሱ ይወስናል። «ጋሼ፣ መጠጥ ይጠጣሉ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ «ኧረ እኔ! አልፎ አልፎ ነው ልጄ» ነው። «ጋሼ፣ ማታ ማታ ስንት መለኪያ ይወስዳሉ?» ስትሉ ግን «ከእራት በፊት ሁለት፣ ከእራት በኋላ ይቺን ታህል» ብለው በጣታቸው ያሳያሉ። ያቺ «ይቺን ታህል» ናት የምትፈለገው። ቀጥሎ፣ ከመጨረሻው መለኪያ ወዲህ ስንት ቀን ሆነ? ስንት ቀን አልበሉም? ከዚያ የወሰዱት ምንድን ነው?

ሌላው ለኛ አገር በተለይ የሚመለከተው የቲቢ መድኃኒት ነው። አይሶናያዚድ የሚባለው ልክ እንደ አልኮል ሲዋይፒ2ኢ1ን ከመፍረስ ይጠብቀዋል፣ ለጉበትም በራሱ ከባድ ነው። ቲቢ እየታከመ የሚጠጣና ለትኩሳቱ ፓራ የሚወስድ ሰው ሦስቱንም ደርቧል። ጤና ጣቢያ ውስጥ ይህን ማንሳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ይህን ሰምቶ ፓራን ጥሎ ወደ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መሄድ ደግሞ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው ጨጓራው ቀድሞም ቁስል አያጣውም፣ እነዚህ ያደሙታል፣ ጉበቱ የተጎዳውን ደግሞ ኩላሊቱን ይመቱታል። አብዛኛው የጉበት ሐኪም የሚመክረው ፓራውን ይዞ መጠኑን መቀነስ ነው፤ አዘውትሮ ለሚጠጣ ሰው በ24 ሰዓት ከ2 ግራም፣ ማለትም ከአራት ፍሬ፣ እንዳያልፍ፣ ለጥቂት ቀን ብቻ፣ ምግብ እየበሉ።

አሜሪካ ላላችሁ፣ የጉንፋን ሽሮፖችና እንክብሎችን ጀርባ አንብቡ። ናይኩዊል ውስጥ አሲታሚኖፌን አለ። ቴራፍሉ ውስጥም አለ። ከታይለኖል ጋር ሦስቱን አንድ ላይ የሚወስድ ሰው «ሦስት የተለያየ መድኃኒት» ይመስለዋል።

ምልክቱ ደግሞ ያታልላል። የመጀመሪያው ቀን ማቅለሽለሽና ድካም ነው፣ ጉንፋኑ ወይም የስካር ማግስት ይመስላል። ቀጥሎ እንዲያውም ሻል ሊል ይችላል፣ ኢንዛይሞቹ ግን በዚያው ሰዓት እየወጡ ነው። ቢጫ ዓይንና መቀባዠር የሚመጡት ዘግይተው፣ ከሦስተኛው ቀን አካባቢ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ሲጠጣ የነበረ፣ ለቀናት ፓራ የወሰደና ማስመለስ የጀመረው ሰው ቢጫ እስኪሆን አይጠበቅም፤ የክኒኑን ባዶ እሽግ ይዞ ያን ቀኑን ወደ ሆስፒታል፣ ኤኤልቲና የደም መርጋት ምርመራ ወደሚሠራበት ቦታ።